የናሙና መለያ ምንድን ነው?

በሙዚየም ሣጥን ውስጥ ከተሰካች የፈረስ ዝንብ ሥር፣ በዚያው ስፒል ላይ፣ ጥፍር የምታህል ወረቀት አለች። ዝንቧ የት፣ መቼ፣ በምን ከፍታ፣ በምን ወጥመድና በማን እንደተያዘች የሚነግረን የናሙና መለያ የሚባለው ይህ ነው። እሱ ከጠፋ ዝንቧ ለጥናት አትረባም።

ሰሜን ሸዋ ላይ መለያ መጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ከተባለ የአማራው ነው፣ ደብረ ብርሃን ያለችበት፣ ወይስ የኦሮሚያው፣ ፍቼ ያለችበት? ዞኑ ቢታወቅም አይበቃም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። የደጋውና የቆላው ዝንብ ደግሞ አንድ አይደለም። ወረዳው፣ ቀበሌው፣ የጂፒኤስ ነጥቡና ከፍታው ይጻፍ።

ከሁሉ የከፋው የቀን ስህተት ነው። «3/1/2016» በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ። በፈረንጆቹ ካነበቡት ግን ጃንዋሪ 3 ይሆናል፣ ማለትም ታኅሣሥ 24 ቀን 2008፣ ደረቁ በጋ። ከሰባት ዓመት በላይ ተሳሳትን፤ ዝንቧ የምትወጣበት ወቅትም ተበላሸ። ስለዚህ ወሩ በፊደል ይጻፍ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አይቅር።

ወረቀቱ አሲድ የሌለው ይሁን። ተራ እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይሟሟል፣ በዓመታትም ይደበዝዛል። ስፒሉ ደረቷ ላይ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ይሰካል፤ ቀኙ ጎን በስፒሉ ቢጎዳ ግራው ለመለየት ይተርፋል።

ፎቶ ሲነሣ መለያው ከስፒሉ ወጥቶ ከሚሊሜትር ማስመሪያ ጋር አብሮ ይነሣል። አንድ ዝንብ ብቻ በአንድ ጊዜ! የሁለቱን መለያ አንድ ላይ ያወጣ ሰው ሲመልስ ያቀያይራል፣ ስህተቱንም ማንም አያውቅበትም። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ይነሣ፤ በተለይ ከፊት፣ ምክንያቱም የሴቷ ዝንብ ዝርያ የሚለየው በአብዛኛው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ባለው ክፍተት ቅርጽ ነው። ትኩረቱን በጥቂቱ እያዛወሩ በርካታ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ማዋሃድ ያስፈልጋል። ዓይኗና ደረቷ ያንጸባርቃሉና ብርሃኑ በነጭ ወረቀት ይለዝብ። የዓይኗ ቀለማማ መስመሮች ስትደርቅ ስለሚጠፉ ግን ያን ትኩስ ሳለች ማንሣት ነው።

ዝንቧ፣ ፎቶውና የመዝገቡ መስመር አንድ ቁጥር ይይዛሉ፤ ናሙናው ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። የዝርያው ስም በሌላ ወረቀት ነው የሚጻፈው፣ ስም ይለወጣልና። የቆየ መለያ ስህተት ቢገኝበትም አይቀደድም፤ እርማቱ ከሥሩ ይሰካል።