ስለ ሸሸር እና ወላላ ረግረጎች በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ፣ ወረታ አካባቢ በስተግራ እስከ ጣና የሚዘረጋው ሜዳ ፎገራ ነው። ክረምት ላይ የርብ እና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። ዝናቡ ሲያባራ ውሃው ይሸሻል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ግን ይተኛል። ሸሸር እና ወላላ እንዲህ የሚሞሉ፣ ጥልቀት የሌላቸው የተፈጥሮ ኩሬዎች ናቸው። ዛሬ ብዙው ቦታቸው ታርሷል። የ1987 እና የ2008 እ.ኤ.አ. የሳተላይት ምስሎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ ሸሸር በነዚያ ዓመታት 90 በመቶ ያህሉን ማጣቱን አሳይተዋል። በዚህ ላይ የምንሰማቸው አባባሎች ደግሞ ጉዳቱን ቀላል ያስመስሉታል።

«ረግረግ ሥራ ፈት መሬት ነው»

ሥራ የሚፈታበት ወር የለውም። ክረምት ላይ የጣና አምባዛ ጎርፉን ተከትሎ ወደ ሜዳው ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ውሃ በዋጠው ሣር ላይ ነው። የዓሣ ጫጩቶቹም ሣሩ ውስጥ ተደብቀው፣ ሞቅ ባለው ውሃ ምግብ ሳያጡ ያድጋሉ። ስለዚህ እዚህ ኩሬ ሲደርቅ እዚያ ሐይቁ ላይ ያለው አጥማጅ ይጎዳል።

በጋ ሲመጣ ውሃው በለቀቀው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ዝናብ ሳይጠብቅ ባለው እርጥበት ይደርሳል። ይሄ የቆየ ዘዴ ነው። ጉዳቱ የመጣው ገና ያልሸሸውን ውሃ በሞተር እየሳቡ መሬቱን ማራቆት ሲጀመር ነው። ሌላው ሜዳ ሲደርቅ ከብቱ የሚሰማራውም ረግረጉ ላይ ነው። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም የዚህ ግጦሽ ልጅ ናት። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ቄጤማም የሚበቅለው እንዲህ ያለ ውሃ ዳር ነው። በጣና ዙሪያ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎችም ረግረጉ በጠበበ ቁጥር እንጀራቸው አብሮ ይጠባል።

ወፎቹን ደግሞ አንርሳ። የሰሜን አውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እግረ ረጃጅም ወፎች፣ ቀን ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ። ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብ ውሃውን ሳያንቦጫርቅ አይደርስባቸውማ።

«ኩሬው ቢጠፋ ወባም ይጠፋል»

ይሄኛው በብዙ ቦታ ይነገራል፤ ግማሽ እውነት ስላለው ለማረም ያስቸግራል። የኩሬ ዳር ትንኝ ያራባል። ነገር ግን በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ከሁሉ የምትመርጠው ትንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኘውና ዓሣ የሌለበት ውሃ ነው። ጭቃ ላይ የታተመ የከብት ኮቴ ውሃ ከያዘ ይበቃታል። ሞቃት ቦታ ላይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከእንቁላሉ በራሪ ትንኝ ይወጣል። ዓሣ ያለበት ኩሬ መሃሉ አይመቻትም። ኩሬው ሲደርቅ የሚተካው ደግሞ ቦይ፣ አፈር የወጣበት ጉድጓድና ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው። ሩዙ ገና አጭር ሳለ ፀሐይ እንደ ልብ ስለሚገባ ለትንኟ ምቹ ነው።

«ሩዝ ፎገራን ለውጦታል፤ ረግረጉ ቢሄድ ምን ይጎዳል?»

ሩዝ የብዙ ቤተሰብን ኑሮ መለወጡ እውነት ነው። ይህን የሚክድ ሰው ገበሬውን አያሳምንም፤ ማሳመንም አይገባውም። የምጠይቀው ማን አተረፈ፣ ማን ከሰረ የሚለውን ነው። የወል የነበረው ቦታ ሲታረስ የሚጠቀመው ሞተርና ጉልበት ያለው ነው። ቄጤማ አጭዳ ገበያ የምታወጣው ሴት፣ መሬት የሌለው ወጣት፣ ዓሣ አጥማጁ የሚያጡት ግን የምርት ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ከዚያም ሌላ፣ ረግረግ ወንዙ የሚያመጣውን ደለልና ከማሳ የተረፈ ማዳበሪያ አጣርቶ ያስቀራል። ማጣሪያው ሲጠፋ ሁሉም ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እምቦጭ ደግሞ እንዲህ ያለ የዳበረ ውሃ ይወዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ በኋላ ክፉኛ የተንሰራፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ይሄው ፎገራ ባለበት በኩል ነው።

«ጥፋቱ የገበሬው ነው»

ገበሬው ብቻውን አላደረቀውም። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ የወንዙ ዳርም በአፈር ካብ ተይዟል። በ2006 እ.ኤ.አ. ክረምት ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ስላፈናቀለ፣ ካብ የፈለገ ሰው አይፈረድበትም። ግን ካቡ ወንዙን ከኩሬው ይለያል። ድሮ ሜዳው ላይ ይበተን የነበረው ጎርፍም ታች ያለውን ሰው በአንድ ጊዜ ያገኘዋል።

«ኩሬ ከጠፋ እንቆፍራለን»

ፕላስቲክ የተነጠፈበት የቤተሰብ ኩሬ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ነው። አምባዛ ግን አይገባበትም፤ ሣር አይበቅልበትም፤ ወደ መሬት የሚሰርግ ውሃም የለውም።

«አንዴ ደርቋል፣ አልቋል»

ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ፣ በመስኖና በከተማው ፍጆታ ተስቦ፣ በደለልም ተሞልቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ነበር። በቅርብ ዓመታት ዳግም ውሃ ይዟል። ሸሸርና ወላላ ደግሞ በየክረምቱ የሚሞላቸው ወንዝ አጠገባቸው ነው ያለው። ካቡ ላይ ውሃ የሚገባበት በር መተው፣ ከኩሬው ዳር ምን ያህል ርቆ ሞተር እንደሚተከልም ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁና ከብት አርቢው አንድ ላይ ተቀምጠው መወሰን ይችላሉ።