የጋብቻ ቪዛ ወደ አሜሪካ፦ ከአቤቱታ እስከ ቆንስላ ቃለ መጠይቅ

የጋብቻ ቪዛ በመባል የሚታወቀው፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ውጭ አገር ያለ የትዳር ጓደኛውን አብሮት እንዲኖር የሚያስመጣበት የኢሚግራንት ቪዛ ነው። የሕግ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ሲሆን፣ በ1965 የተደረገው ማሻሻያ ቤተሰብን ማገናኘት ከሥርዓቱ ዋና ዓላማዎች አንዱ እንዲሆን አድርጓል። ጉዳዩ በሦስት መሥሪያ ቤቶች እጅ ያልፋል። በአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ትዳሩ ሕጋዊና እውነተኛ መሆኑን ይመረምራል፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ክፍያውን ተቀብሎና ሰነዱን አሟልቶ ፋይሉን ያደራጃል፤ በመጨረሻም ውጭ አገር ያለው ቆንስላ ባለጉዳዩን በአካል አቅርቦ ይጠይቃል፣ ይወስናል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ሦስተኛውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በቆንስላው መስኮት የሚነሣው ጥያቄ በአብዛኛው ቀደም ባሉት ሁለት ደረጃዎች ከተጻፈው የሚመነጭ በመሆኑ፣ ቃለ መጠይቁ የሚጀምረው የመጀመሪያው ፎርም በተሞላበት ቀን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በታች ጥያቄውን የሚያቀርበው የትዳር ጓደኛ አመልካች፣ ውጭ አገር ሆኖ የሚጠብቀው ደግሞ ቪዛ ጠያቂ ተብሏል። አመልካቹ ዜጋ ከሆነ ቪዛ ጠያቂው በሕጉ የቅርብ ዘመድ ከሚባሉት ወገን ይመደባል፤ ለዚህ ምድብ ዓመታዊ የቁጥር ገደብ ስለሌለ የቪዛ ወረፋ አይጠበቅም፣ የሚጠበቀው የመሥሪያ ቤቶቹን የሥራ ጊዜ ነው። አመልካቹ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሲሆን ግን ጉዳዩ ኤፍ2ኤ ወደሚባለው ምድብ ይገባል። በዚህ ምድብ በየዓመቱ የሚሰጠው ቪዛ የተወሰነ በመሆኑ ወረፋ ይኖራል፤ ወረፋው የት እንደደረሰም በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ይታወቃል።

ልጆች ያሉት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። በኤፍ2ኤ ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ በወላጁ አቤቱታ ተጠቃልሎ ሊመጣ ይችላል። በዜጋ የትዳር ጓደኛ ምድብ ግን ተከታይ የሚባል ነገር ስለሌለ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አቤቱታ መቅረብ አለበት፤ የእንጀራ ልጅ ከሆነም ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን ይኖርበታል። ግሪን ካርድ የነበረው አመልካች በሂደቱ መካከል ዜግነት ሲያገኝ የትዳር ጓደኛው ከወረፋ ይወጣል፤ በዚያው መጠን በወላጃቸው ፋይል ውስጥ የነበሩት ልጆች ተከታይነታቸውን ያጣሉ። ስለዚህ የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባት በፊት የልጆቹን ነገር ማሰብ፣ የተለየ አቤቱታም ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

የዜጋ ባለትዳር የሚያገኘው ቪዛ ሁለት ዓይነት ነው። ወደ አሜሪካ በሚገባበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ሲአር1፣ የሞላው ደግሞ አይአር1 ይሰጠዋል። ልዩነቱን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 የጋብቻ ማጭበርበርን ለመከላከል የወጣው ማሻሻያ ሲሆን፣ በሲአር1 የገባ ሰው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ባለቅድመ ሁኔታ ነዋሪነት ያገኛል። ይህ ጊዜ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት በአንድነት አይ-751 የሚባለውን ፎርም አቅርበው ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣላቸው ይጠይቃሉ። ቪዛው በእጁ ገብቶ የጋብቻው ሁለተኛ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ብቻ የቀረው ሰው ጉዞውን ትንሽ ቢያዘገይ ይህን ሁሉ ሊያስቀር እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል።

ሂደቱ የሚከፈተው አይ-130 በሚባለው አቤቱታ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው በኦንላይን ሲቀርብ 625 ዶላር፣ በወረቀት ሲቀርብ 675 ዶላር ሆኗል። በዚህ ደረጃ የሚታዩት ነገሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሕጋዊነት ነው፤ ጋብቻው በተፈጸመበት አገር ሕግ የጸና፣ ሁለቱም ወገኖች ቀደም ሲል የነበራቸው ትዳር በፍቺ ወይም በሞት መፍረሱ በሰነድ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት በተፈቀደበት አገር የተፈጸመ ቢሆንም እንኳ የመጀመሪያው ጋብቻ ብቻ ይቆጠራል። በውክልና የተፈጸመ ጋብቻም ባልና ሚስት ከዚያ በኋላ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ካልፈጸሙ ተቀባይነት የለውም።

ሁለተኛው እውነተኛነት ነው፤ ትዳሩ የተመሠረተው ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል አለመሆኑ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቤተሰቦች ትልቅ አልበም ሙሉ የሠርግ ፎቶግራፍ የማስገባት ልማድ አላቸው። ፎቶግራፍ ባይጎዳም የአንድ ቀን ድግስ የሚናገረው ስለ አንድ ቀን ነው። የበለጠ የሚመዝነው በጊዜ የተዘረጋ ማስረጃ ነው፤ በተለያዩ ዓመታት የተደረጉ ጉዞዎች የፓስፖርት ማኅተም፣ በተከታታይ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ የስልክና የመልእክት ልውውጥ፣ አንዱ ሌላውን ወራሽ ያደረገበት የመድን ሰነድ፣ የጋራ ሒሳብ፣ የጋራ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት። ሕጉ በዚህ ረገድ ጨካኝ ነው። ከዚህ በፊት ለኢሚግሬሽን ጥቅም ሲል የሐሰት ጋብቻ መፈጸሙ ወይም ለመፈጸም ማሴሩ የተረጋገጠበት ሰው፣ በኋላ እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳ በስሙ የሚቀርብ አቤቱታ አይጸድቅም፤ ማጭበርበሩ ራሱም እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው።

አቤቱታው ሲጸድቅ ፋይሉ በኒው ሃምፕሸር ግዛት በፖርትስመዝ ወደሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል። ማዕከሉ ለቪዛ ማመልከቻው 325 ዶላር፣ አመልካቹ የሚመጣውን ሰው በገንዘብ እንደሚደግፍ ለሚገባበት የድጋፍ ቃል ኪዳን ደግሞ 120 ዶላር ያስከፍላል። ከዚያ ቪዛ ጠያቂው ዲኤስ-260 የሚባለውን ረጅም ፎርም በኢንተርኔት ይሞላል፤ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ የኖረባቸውን አድራሻዎች፣ የሠራባቸውን ቦታዎች፣ የቀድሞ ትዳሮቹን፣ ልጆቹን ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ደግሞ ባለፉት አምስት ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ጭምር ይገልጻል። አሁን አብሮት የማይሄድ ልጅ ቢሆንም መጻፍ አለበት፤ እዚህ ያልተጠቀሰ ልጅ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅለት የሚፈጥረው ችግር ቀላል አይደለም። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ ካለ እሱ፣ የፓስፖርት ቅጂና ከወንጀል ነፃ ስለመሆን የፖሊስ ማስረጃ አብረው ይጫናሉ። የፖሊስ ማስረጃው ሰውየው አሁን ከሚኖርበት አገር ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ 16 ዓመት ከሞላው በኋላ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረባቸው ሌሎች አገሮችም ይጠየቃል። ለሥራ ዐረብ አገር ቆይቶ የተመለሰ ሰው ይህን ሰነድ የሚያወጣበትን መንገድ ቀደም ብሎ ቢያፈላልግ ይሻለዋል፤ ብዙ ፋይል ወራት የሚቆመው በዚህ አንድ ወረቀት ምክንያት ነውና።

በዚህ ደረጃ ከሁሉ የሚከብደው አይ-864 የሚባለው የድጋፍ ቃል ኪዳን ነው። አመልካቹ ከቤተሰቡ ብዛት አንጻር ቢያንስ የፌዴራሉን የድህነት መለኪያ 125 በመቶ የሚያህል ገቢ እንዳለው በግብር ሰነድና በደመወዝ ማስረጃ ያሳያል፤ በውትድርና ሥራ ላይ ያለ ሰው የትዳር ጓደኛውን ሲያስመጣ 100 በመቶ ይበቃዋል። ገቢው ካልደረሰ ንብረቱን ማቅረብ ይችላል፤ ለዜጋ ባለትዳር የንብረቱ ዋጋ የጎደለውን ገቢ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ይህም ካልሆነ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነና አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ሌላ ሰው ተጓዳኝ ስፖንሰር ሆኖ ይፈርማል። በወዳጅነት የሚፈርም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ፎርማሊቲ እንደሆነ ነው። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ሰነዱ በፍርድ ቤት የሚያስገድድ ውል ነው፤ ግዴታው የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን፣ 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ያህል) የሥራ ጊዜ ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለቆ ነዋሪነቱን ሲተው ወይም ሲሞት ነው። ፍቺ አያበቃውም። ስፖንሰር እንዲሆን የሚለመን ዘመድ ይህን ከመፈረሙ በፊት የማወቅ መብት አለው።

ማዕከሉ ሰነዱ ተሟልቷል ሲል ፋይሉ ለቆንስላው ይመራና የቀጠሮ ወረፋ ይጀምራል። ከቀጠሮው በፊት ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች ዘንድ የጤና ምርመራ ይደረጋል፤ ዋነኛው ትኩረት የሳንባ ነቀርሳ ሲሆን ክትባቶችም ይሟላሉ። የሳንባ ነቀርሳ የተገኘበት ሰው ታክሞ እስኪድን ይቆያል እንጂ ለዘለቄታው አይከለከልም።

በቀጠሮው ቀን የደኅንነት ፍተሻው ካለፈ በኋላ ዋና ሰነዶች ይታያሉ፣ የጣት አሻራ ይወሰዳል፣ ባለጉዳዩም ቀኝ እጁን አንሥቶ እውነት እንደሚናገር ይምላል። ጥያቄው የሚካሄደው አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት በኩል ቆሞ ነው፤ ለዓመታት የተጠበቀው ነገር በጥቂት ደቂቃዎች ማለቁ ብዙዎችን ያስደነግጣል። ቆንስሉ ስለ ትውውቁ፣ ማን ለማን ጋብቻ እንደጠየቀ፣ በሠርጉ ላይ ማን እንደተገኘ፣ አመልካቹ ምን እንደሚሠራና ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ስለ ቀድሞ ትዳርና ልጆች፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተገናኙ ይጠይቃል። የዕድሜ ወይም የሃይማኖት ሰፊ ልዩነት፣ የጋራ ቋንቋ አለመኖር፣ ሳይተያዩ መተጫጨት፣ ፍቺው ሳይቆይ የተፈጸመ አዲስ ጋብቻ ጥያቄውን ያረዝሙታል፤ በራሳቸው ግን የመከልከያ ምክንያት አይደሉም። በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻን የሚያፍርበት ይመስል በፍቅር ታሪክ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው ራሱን በከንቱ ይጎዳል፤ ቆንስሉ የሚሠራበትን አገር ልማድ ስለሚያውቅ እንዲህ ያለውን ጋብቻ በየቀኑ ያያል።

መታወቅ ያለበት ዋና ነገር ቆንስሉ ከፊቱ ያለው የዛሬው ፋይል ብቻ አለመሆኑ ነው። ቪዛ ጠያቂው ከዓመታት በፊት የጎብኚ ቪዛ ሲጠይቅ ወይም የዲቪ ሎተሪ ደርሶት ሲቀርብ የሞላው ፎርም በመዝገብ አለ። ያን ጊዜ ለማመቻቸት ሲባል ያገባ ነኝ ወይም ልጅ የለኝም ተብሎ የተጻፈ ነገር ዛሬ ከአይ-130 ጋር ይነጻጸራል። በሕጉ ማስረጃ የማቅረብ ሸክም የቪዛ ጠያቂው ነው፤ ጥርጣሬ ሲፈጠር የሚጎዳው እሱ ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ ለቪዛ ውሳኔ ወሳኝ በሆነ ጉዳይ ሆን ብሎ ሐሰት መናገር የዕድሜ ልክ እገዳ የሚያስከትል መሆኑ ነው፤ ያንን ለማንሣት በዜጋው ወይም በነዋሪው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ላይ ከባድ ችግር እንደሚደርስ በማስረዳት ይቅርታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአሮጌ ፎርም ላይ ስሕተት ያለበት ሰው ከመቅረቡ በፊት የሕግ ምክር ይዞ፣ ሲጠየቅም እውነቱን መናገሩ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። የማያስታውሰውን ቀን ከመገመት አላስታውስም ማለት ያዋጣል። በደላላ የተዘጋጀ የመልስ ጥራዝ መሸምደድም አይረዳም፤ እውነተኛ ባለትዳሮች አንዳንድ ነገር ይረሳሉ፣ በአንዳንዱም ይለያያሉ፤ አጥንቶ የመጣ ሰው ደግሞ ጥያቄው ከጥራዙ በወጣ ቅጽበት ይታወቃል።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይነገራል። ሲፈቀድ ፓስፖርቱ ቪዛው እስኪለጠፍበት እዚያው ይቀራል። ወረቀት ሲጎድል ወይም ተጨማሪ ማጣራት ሲያስፈልግ ግን በኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕጉ አንቀጽ 221 ፊደል ጂ መሠረት ደብዳቤ ይሰጣል። ይህ በሕግ ቋንቋ ክልከላ ቢሆንም በተግባር ብዙውን ጊዜ እንጥልጥል ነው፤ የተጠየቀው ሰነድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀረበ ያለ አዲስ ክፍያ ይቀጥላል። አስተዳደራዊ ማጣራት የተባለው ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ ሰውን ከሁሉ የሚያደክመውም ይህ ነው። ቆንስሉ ትዳሩን ሲጠራጠር ፋይሉን አቤቱታው ወደጸደቀበት መሥሪያ ቤት መልሶ እንዲሰረዝ ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አመልካቹ መልስ የመስጠት ዕድል ይኖረዋል። በአንቀጽ 212 በተዘረዘሩ ምክንያቶች የሚከለከልም አለ፤ ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት ይታገዳል።

ክልከላን በፍርድ ቤት መሞገት እጅግ ጠባብ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኬሪ እና ዲን በተባለው ክርክር አፍጋናዊ ባሏ የተከለከለባት አሜሪካዊት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተሸንፋለች። በ2024 ደግሞ ፍርድ ቤቱ በሙኞዝ ጉዳይ፣ አንድ ዜጋ የውጭ አገር ሰው የሆነው የትዳር ጓደኛው ወደ አገሩ እንዲገባለት የሚጠይቅበት መሠረታዊ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌለው ወስኗል። ፕሬዚዳንቱ የአንዳንድ አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ በዐዋጅ የማገድ ሰፊ ሥልጣን እንዳለውም በ2018 ተረጋግጧል። የተሟላ ፋይል ያለው ቤተሰብ እንኳ ከቀጠሮው በፊት በሥራ ላይ ያለውን ዐዋጅ መመልከት ያለበት ለዚህ ነው።

ቪዛው አብዛኛውን ጊዜ ቢበዛ ለስድስት ወር ያገለግላል፤ የጤና ምርመራው ጊዜ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ያጥራል። የታሸገ ፖስታ ከተሰጠ ሳይከፈት ለመግቢያ በር ሹም መድረስ አለበት። ግሪን ካርዱ ታትሞ እንዲላክ 235 ዶላር ይከፈላል፤ ካርዱ እስኪደርስ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ ከመግቢያ ማኅተሙ ጋር ለአንድ ዓመት የነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ከዜጋ የትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ እየኖረ የቆየ ሰው እንደ ሌሎች ነዋሪዎች አምስት ዓመት ሳይጠብቅ በሦስተኛው ዓመት ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻውንም ሦስቱ ዓመታት ሊሞሉ 90 ቀን ሲቀር ጀምሮ ማስገባት ይፈቀድለታል።