በመሀል አዲስ አበባ ክብደት ለመቀነስ ምግብ መምረጥ፦ ለማን ምን ይስማማል?

ክብደት ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው በአብዛኛው መጀመሪያ የሚተወው እንጀራ ነው። ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ፣ ከለገሃር እስከ ፒያሳ ባሉት ምሳ ቤቶች በእንጀራ ፋንታ ፓስታ ወይም ሩዝ ማዘዝ እንደ «ዳየት» ይቆጠራል። ሆኖም አንድ ሙሉ ሰሃን ፓስታ በካሎሪ ከግማሽ እንጀራ አያንስም፤ ዘይቱም አብሮት አለ። ጤፍ ፋይበርና ብረት ያለው እህል ስለሆነ ከማዕድ የሚባረርበት ምክንያት የለም። ሰውነት የሚወፍረው በእንጀራው ብዛት፣ በወጡ ዘይትና በሚጠጣው ነገር ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበዛ ከሰው ሰው ይለያያልና ምርጫው ከራስ ሁኔታ ይጀምራል።

መነሻው መለካት ነው። ክብደት በኪሎ ተወስዶ ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ ሰው 28.7 ገደማ ያገኛል። ከ25 እስከ 30 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 በላይ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ቁጥሩ ከ25 በታች ሆኖም ቦርጭ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ወገብንም መለካት ያስፈልጋል፤ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት ይጨምራል። ግቡ ትልቅ መሆን የለበትም። ከክብደት 5 በመቶው ብቻ ሲቀንስ፣ ለዚህ ሰው ማለት 4 ኪሎ ገደማ፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ይሻሻላል። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ በቂ ነው፤ ከዚያ የፈጠነ ቅነሳ ጡንቻንም ይዞ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ክብደት ለመቀነስ ምግብ መቀነስ የለባትም።

አንድ ሙሉ እንጀራ እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ከ300 እስከ 400 ግራም ስለሚመዝን ከ400 እስከ 600 ካሎሪ ሊኖረው ይችላል። በጋራ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻውም አይቆጠርም። ወጡ ሲተርፍ እንጀራ ይጨመራል፣ እንጀራው ሲተርፍ ወጥ ይጨመራል። የሚሠራው ዘዴ የራስን ድርሻ፣ ለምሳሌ ግማሽ እንጀራ፣ አስቀድሞ በራስ በኩል ማድረግና የተረፈውን ወጥ ያለ ጭማሪ እንጀራ መተው ነው። ከወጡ ሥር ያለው እንጀራ ዘይቱን የጠጣው ስለሆነ የሚቀር ካለ እሱ ይቅር።

ብዙ ሰው የማያየው ግን ዘይቱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፤ የሱፍም ይሁን የኑግ ወይም የረጋ ዘይት በዚህ ረገድ ልዩነት የላቸውም። ለ4 ሰው ወጥ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት ሲገባ ከ600 ካሎሪ በላይ ድስቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን በ2 የሾርባ ማንኪያ መተካት ይቻላል፦ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቁላላል፣ መያዝ ሲጀምር ውሃ በማንኪያ ጠብ ይደረግለታል። ቡናማ ሲል ዘይቱ ይገባል፣ ከዚያ በርበሬው። በርበሬን ዘይት በሌለበት ደረቅ ድስት ላይ ማድረግ ያሳርረዋል፣ ወጡም ይመራል። ዘይቱን ፈጽሞ ያስቀሩ ሰዎች ቁሌቱ ጥሬ ጥሬ ስለሚልባቸው በሳምንቱ ወደ ድሮው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ መቀነስ ከመከልከል ይሻላል። ምግብ ቤት ተጋቢኖ ሲታዘዝ «ዘይቱ አነስ ይበል» ማለት ነውር የለውም።

ጾም ለብዙው ሰው የክብደት መቀነሻ ጊዜ ይመስላል፤ ግን በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም የሚጨምሩም አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በረሃብ ፈጥኖ መብላት፣ ጠዋት የቀረውን በዳቦና ማርማላታ፣ በሃላዋ፣ በተጠበሰ ድንች ማካካስ ምክንያቱ ነው። በሾርባ ወይም በሰላጣ ጀምሮ 10 ደቂቃ መታገስ ብዙ ይረዳል። በረመዷን አፍጥርም ሳምቡሳ ከመደራረብ በቴምርና በሾርባ መክፈት ይሻላል። የጾም በያይነቱ በአግባቡ ከተመረጠ ከከተማው ምሳዎች ጥሩ ከሚባሉት ነው፦ ድፍን ምስር፣ ጎመን፣ ፎሶሊያና ቀይ ሥር በዛ፣ እንጀራው አነስ ይበል። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው ያጠግባል። በፍስክ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወይም አይብ በጎመን ጥሩ ቁርስ ነው። ጨጨብሳ ግን በ100 ግራም ዱቄትና በ3 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻ 700 ካሎሪ ያልፋል። ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ግማሽ ሰዓት መሮጥ ይህን አያካክስም።

ሕመም ያለበት ሰው ከማንም የተቀበለውን የምግብ ዝርዝር መከተል የለበትም። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚ ምግብ ሲቀንስ ወይም ሲጾም መድኃኒቱ በሐኪም ካልተስተካከለ ስኳሩ ከመጠን በታች ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ምልክቶቹ ናቸው። ራሱን የሚያውቅና መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት አለበት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገማል። የደም ግፊት ያለበት ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በላይ ጨው እንዳያገኝ ሽሮና በርበሬውን ይጠንቀቅ፤ ጨው ተቀላቅሎ የሚፈጭ ብዙ ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው በጂም የሚመከረውን ብዙ ሥጋና የፕሮቲን ዱቄት ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ጨጓራ ያለበት ሰው ምሳ እየዘለለ ቡና ሲያበዛ ሕመሙ ይነሳበታል፤ ለእሱ ሰዓቱን ጠብቆ የሚበላ ትንንሽ ምግብ፣ በርበሬ የሌለበት አልጫ ይስማማዋል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ሻይና ቡናውን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ብታቆየው ብረቱ በተሻለ ይገባታል።

መጠጥ አያጠግብም፣ ግን ይቆጠራል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። አንድ ትልቅ አቮካዶ የገባበት ጭማቂ ስኳሩ ሳይታከል 300 ካሎሪ ይደርሳል። በቀን 4 ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ ቢያወርድ ሌላ ምንም ሳይለውጥ ወደ 130 ካሎሪ ይቀንሳል።

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ የመሀል ከተማ ነዋሪ አትክልት የሚገዛው በየሰፈሩ ሱቅና በእሁድ ገበያ ነው። ጎመንና ቆስጣ ቶሎ ስለሚጠወልጉ ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ መግዛት፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ግን ለሳምንቱ መያዝ ያዋጣል። ቆሎ ለቢሮ መክሰስ ከቦምቦሊኖ ይሻላል፤ ሆኖም ለውዝ ከተቀላቀለበት ከአንድ እፍኝ በላይ መሆን የለበትም።

የቦርጭ ማጥፊያ ተብለው ከሚሸጡ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቅናሽ ውሃ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ሲደጋገም ፖታሲየም ያጎድላል፣ ይህም ልብን ይጎዳል።

ክብደት በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን መታየት አለበት። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ቅነሳው መዘግየቱ የሚጠበቅ ነው፤ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል። ያን ጊዜ ምግብን ከመዝለል ይልቅ ዘይቱንና ስኳሩን እንደገና በማንኪያ መለካት ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ተመልሰው በዝተው ይገኛሉ። ማንም ሳይሞክር ክብደቱ ቢቀንስ፣ በተለይ ጥም፣ የሌሊት ሽንት፣ የቆየ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለው፣ ደስ ሊለው አይገባም፤ ስኳር፣ ቲቢ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።