ከከተማው ዳር ወደ እሳት አደጋ፦ የቅጥሩ መንገድና ሥራው

አዲስ አበባ ውስጥ "እሳት አደጋ" ሲባል ሰው የሚታየው ቀይ መኪናና ሳይረን ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ረዘም ያለ ስም አለው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል። ከዚያ በፊት እሳትና ድንገተኛ አደጋ መከላከልና መቆጣጠር ባለሥልጣን ነበር። ስሙ ሲቀያየር ሕዝቡ "እሳት አደጋ" ብሎ አረፈው። የአደጋ ጊዜ ስልኩ 939 ነው። አምቡላንስም አለው።

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ ወይም ከአቃቂ ተነስቶ እዚህ መቀጠር የሚፈልግ ወጣት ከሁሉ በፊት ስሙን አስተውሎ ቢያነበው ጥሩ ነው። "እሳት" ከሚለው ቃል ቀጥሎ "አደጋ" የሚል አለ። ከተማው ዳር ላይ ደግሞ ሁለተኛው ቃል ብዙ ሥራ አለው።

መሀል ከተማ ላይ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበትና የሰው ብዛት መኪኖቹን ፈትኗቸዋል። ዳር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ግማሹ ሰፈር ገና እየተሠራ ነው። ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። አገልግሎቱ ያበቃ የድንጋይ ካባ አለ፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላና ልጆች ይዋኙበታል። የግቢ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድም አለ። አቃቂ ላይ ወንዙ ሲሞላ ጎርፍ ይመጣል። እንጦጦ ላይ በበጋ ባሕር ዛፉ ይደርቃል። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ፋብሪካውና መጋዘኑ ተደርድሯል። ለውሃው አደጋ ኮሚሽኑ ጠላቂ ዋናተኞች አሉት። እነሱ የሚጠሩት ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ የቀረ ሰው ለማውጣት ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ረጲ ላይ ያለው የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እዚያ የሚጠፋ ነበልባል አልነበረም። ሥራው ቀናት የፈጀ ቁፋሮ ነበር።

የጉድጓዱን ጉዳይ ትንሽ ላስረዝመው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ጋ ነው። የሽንት ቤት ወይም የቆየ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ሊበከል ይችላል። ኦክስጅን ያንሳል፣ መርዛማ ጋዝ ይከማቻል። አንዱ ይወድቃል። ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ "ላውጣው" ብሎ ይገባል፣ እሱም ይቀራል። ሦስተኛውም ይከተላል። የሰለጠነ ሠራተኛ ያለ ገመድና ያለ መተንፈሻ አይገባም። ከላይ ያለው ሕዝብ "ምን ትጠብቃለህ፣ ግባ እንጂ!" እያለ ሲጮህበትም አይገባም። ለእኔ የዚህ ሙያ ከባዱ ነገር ይሄ ነው። ጀግንነት የሚመስለውን መከልከል ማለት ነው።

ወደ ቅጥሩ እንምጣ። እንደማንኛውም የመንግሥት ሥራ በማስታወቂያ ይጀምራል። ማስታወቂያው በጋዜጣ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳና አሁን አሁን በቴሌግራም ይወጣል። ቴሌግራም ላይ ያየኸውን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደህ አጣራ። ለመመዝገቢያ ወይም "ውስጥ ሰው አለኝ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ደላላ ነው፣ ሽሸው።

ከዚያ ወረቀት ይቀድማል። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ቴክኒክና ሙያ ለተማረ ሲኦሲው (የብቃት ማረጋገጫው)፣ ፋይዳ፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የአሻራ ማስረጃና የጤና ምርመራ ይመጣል። የትኛው የትምህርት ደረጃ፣ ስንት ቁመት፣ እስከ ስንት ዓመት የሚለውን የሚወስነው ያ የወጣው ማስታወቂያ ነው። የአምናውን ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም። ለመንግሥት ሥራ ዕድሜ ከ18 መጀመሩ ግን የታወቀ ነው።

ዳር ላይ የሚኖርን ሰው የሚያደናቅፈው መታወቂያው ነው። በ2015 ዓ.ም የተቋቋመው ሸገር ከተማ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ይከባታል። ወሰኑ አንዳንድ ቦታ መንገድ ተሻግሮ ነው። አንተ ቡናህን የምትጠጣበት ቤት በወዲያኛው አስተዳደር ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ደግሞ የአዲስ አበባ መታወቂያ ነው። እሳቱ ግን መታወቂያ አይጠይቅም፤ የኮሚሽኑ መኪኖች ከከተማው ወሰን ውጪ ባሉ አጎራባች አካባቢዎችም ተጠርተው ይሄዳሉ።

የሴቶች ነገርም አለ። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ውጤታቸው እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ለሴት አመልካች ቅድሚያ ይሰጣል። "ይሄ የወንድ ሥራ ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ አልቆይም። የአካል ብቃቱ ላይ ግን እቆማለሁ።

የእሳት ልብስ፣ ቁር፣ ቦቲና ጀርባ ላይ የሚታዘለው ሲሊንደር ሲደመር 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሊበልጥም ይችላል። 20 ኪሎ ስንት ነው? አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ነው። ዳር ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ ያልወጣ ማን አለ? ሊፍት የለም። መሀል ላይ አረፍ ይባላል፣ ሁለተኛው ጀሪካን ይከተላል። የኛ ብሎክ ልጆች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ አንዳቸውም ልምምድ ነው ብለው አያውቁም። ነው እኮ! የቀረው በሰዓት ማድረግ ነው። ሩጫውም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ያልፋል። እዚያ የሮጠ ሳንባ ሌላ ነው።

ያን ሲሊንደር ሰው "ኦክስጅን" ይለዋል። አይደለም። ውስጡ የታመቀ ተራ አየር ነው። ንጹሕ ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል፤ ማን ተሸክሞት ይገባል? ግማሽ ሰዓት ያቆያል የተባለ ሲሊንደር ደግሞ ደንግጦ ለሚተነፍስ ሰው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ መረጋጋትም የአካል ብቃት ነው። ጨለማ፣ ጠባብ ቦታና ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ከመመዝገቡ በፊት ራሱን ቢፈትሽ ይሻላል። አስም ወይም የደም ግፊት ያለበትም እንደዚሁ።

ዋና መቻል ሌላው ነው። ባሕር የለንም ብለን ዋናን ቅንጦት አድርገነዋል። ካባ ውስጥ ውሃ በሚሞላበት ሰፈር ግን ቅንጦት አይደለም። ወር ሁለት ወር ገንዳ ገብቶ መማር የሚቻል ነገር ነው።

ያለፈው ሰው ሥልጠና ይገባል። ቱቦ መዘርጋትና መጠቅለል፣ መሰላል፣ ገመድ፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ይማራል። የእሳቱን ጠባይም ይማራል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 1,700 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል። ለዚህ ነው የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ሲደፋ እሳቱ ተስፈንጥሮ ጣሪያ የሚነካው። መጥበሻው መከደን አለበት። በክረምት ቤት ዘግቶ ከሰል ያስገባ ቤተሰብም ሌላ ትምህርት ነው፤ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው በእንቅልፉ ይሄዳል።

ከዚያ የሙከራ ጊዜ አለ። በመንግሥት ሠራተኛነት የተለመደው 6 ወር ነው። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ እንቁጣጣሽም ደመራም ጣቢያ ላይ ሊያልፍ ይችላል። የደመራ ዕለትማ ከማንም በላይ ንቁ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። በደመወዙ ሀብታም አይኮንም።

ማስታወቂያው የማይጠይቀው አንድ ችሎታ ግን ዳር ላይ ያደገ ሰው አለው። ከአዲሱ ሰፈር 939 የሚደውል ሰው አድራሻ ሲጠየቅ ምን ይላል? "ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከመስጊዱ በታች፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ።" ኮንዶሚኒየም ከሆነ ቢያንስ የብሎክ ቁጥር አለ። ከዚያ ውጪ ካርታውም ግራ ይጋባል። የትኛው ድልድይ ቦቴ እንደሚችል፣ የትኛው መንገድ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ እንደሚሆን የሚያውቀው እዚያ የኖረ ነው። ያ ሰው ከሹፌሩ ጎን ከተቀመጠ ወፍጮ ቤት ሁለት እንዳለና የተባለው ቀይ በር ያለው እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል።