የቆሎ ተማሪ ዓመት በጣና ዳር

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጎን ለጎን የቆየ ሌላ ትምህርት ቤት አለ። የአብነት ትምህርት ቤት ይባላል። ምዝገባ የለውም፤ የኔታ "ቆይ" ካሉ ገባህ ማለት ነው። የመማሪያ ክፍሉ የዛፍ ጥላ ወይም የየኔታ ደጅ ነው። ማደሪያው ደግሞ ተማሪው ራሱ የሚሠራት የሣር ጎጆ ናት። በሕዝቡ አፍ ይህ ተማሪ የቆሎ ተማሪ ነው።

ዓመቱን የሚመሩት የቤተ ክርስቲያን በዓላት፣ የገበሬው አዝመራና የመንደሩ ሌማት ናቸው። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ሌማቱ ነው። መንግሥት በጀት አይመድብለትም፤ ተማሪው ክፍያ አይከፍልም። በዚህ አገር ለዘመናት ሊቅ ሲወጣ የኖረው እናቶች ከእንጀራቸው ቁራሽ እየቆረሱ ስለሰጡ ነው። ይህ ሳይገባን ስለ አብነት ትምህርት ብናወራ ግማሹን ብቻ ነው የምናወራው።

ባሕር ዳር የተማሪ መንገድ ላይ ናት

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በላዩ ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ይባላል። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ራማ መድኃኔ ዓለም እና በደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ ከሁሉ የታወቁት ገዳማት ናቸው። ከባሕር ዳር በጀልባ ትንሽ ሄድ ሲሉ ደግሞ ዘጌ አለ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ያሉት እዚያ ነው፤ በቡናውና በደኑ መካከል። በዘጌ ልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ተማሪው ደሴቱ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ብትሄዱ ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ስማቸው የገነነው እዚያ ነው። የቅኔን ጅማሬ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጡ ሊቃውንት አሉ፤ ለጎንጁ ተዋነይ የሚሰጡም አሉ። ወደ ምሥራቅ ከሄዳችሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጋይንት አለ። ቤተልሔም የሚባለው ደብር የድጓ (የያሬድ የዜማ መጽሐፍ)፣ ዙር አምባ ደግሞ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት የዜማ ክፍሎች ማስመስከሪያ፣ ማለትም የጨረሰ ተማሪ የሚመሰከርባቸው ቦታዎች ናቸው። ወደ ሰሜን ጎንደር የአቋቋም ከተማ ናት። ስለዚህ ቅኔ ሊቀኝ ከጎንደር የሚወርደውም፣ ድጓ ሊያስመሰክር ከጎጃም የሚወጣውም በዚሁ በሐይቁ ዳር ያልፋል። ብዙዎቹ ባሕር ዳርን የሚያውቋት በመንገዳቸው ላይ ባደሩባት አንድ ሌሊት ነው።

ምን ይማራል?

ሕፃኑ ከንባብ ቤት ይጀምራል። ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ወንጌል፣ በመጨረሻ 150ውን የዳዊት መዝሙር ያነባል። ማታ ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። መብራት አያስፈልገውም። የኔታ ወይም ታላቅ ተማሪ ይላል፤ ትንንሾቹ እየተቀበሉ ይሸመድዳሉ።

ቀጥሎ ዜማ ቤት ይመጣል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የያሬድ ዜማዎች እዚህ ይጠናሉ። ተማሪው ድጓውን በራሱ እጅ መጻፍ አለበት። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ያዘጋጃል፤ ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ከቃላቱ በላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ድፋቱን፣ ጭረቱን ሁሉ አንድ በአንድ ይለቅማል። አንዷ ምልክት ብትሳሳት ዜማው ይሳሳታልና የኔታ በዚህ አይታገሡም።

አቋቋም ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የሚሄደው ክፍል ነው። እዚህ ላይ ጣና የራሱ ድርሻ አለው። አለቃ ገብረ ሐናን አብዛኛው ሰው በጨዋታቸው ብቻ ነው የሚያውቃቸው። እሳቸው ግን በሐይቁ ምሥራቅ ዳር በፎገራ የተወለዱ ትልቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው ስም ተክሌ የሚባለውን አቋቋም ያወጡት የሐይቁን ማዕበልና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው ነው እየተባለ ይተረካል። ተክሌን ሲዘመም ያየ ሰው ትረካውን ለማመን አይቸገርም።

ከዚያ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም መጻሕፍት ቤት አለ። የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ ይከፈላል። ሁሉንም ልጨርስ ያለ ሰው ከልጅነቱ እስከ ጉልምስናው እዚያው ነው።

ከመስከረም እስከ ጳጉሜን

መስከረም ሲጠባ ሜዳው አደይ ይለብሳል፤ የበቆሎ እሸትም ይደርሳል። ለተማሪው ግን ወሩ ሁለት መልክ አለው። እሸቱ ሆድ ያስታግሣል፤ የሐይቁ ዳር ወባ ደግሞ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ጀምሮ ነው። ጎጆ ውስጥ ተኝቶ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ካለ ጓደኞቹ በእሱ ፋንታ ይቀፍፋሉ፤ ማለት ከየደጁ ቁራሽ ይሰበስባሉ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። ቅዳሜ ማታ የተጀመረው ማኅሌተ ጽጌ እሑድ ጠዋት ድረስ ይዘልቃል። ለአቋቋምና ለቅኔ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አንዱን ሳምንት እዚህ ደብር፣ ሌላውን እዚያ ደብር እየቆመ ከየቦታው ሊቃውንት ይሰማል። ያልሰማውን ስልት ይሰማል፤ የራሱንም ይፈትሻል። ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ሲጎድል ደግሞ ጉባኤ ቤት መቀየር የፈለገ ተማሪ የቁራሽ መያዣ አኮፋዳውን አንሥቶ መንገድ ይጀምራል።

ኅዳር አልፎ አዝመራው ሲሰበሰብ ሌማቱ ይሞላል። ገናና ጥምቀት በዚሁ በጥጋቡ ወራት ይመጣሉ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የዜማ ተማሪው ከመሪጌቶቹ ኋላ ተሰልፎ ዓመት ሙሉ ያጠናውን በአደባባይ ይላል። ተዝካሩ፣ ዝክሩና ሰንበቴውም የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው። ተዝካር ካለ ተማሪ ሳይጠራ አይቀርም፤ ባይጠራም ይሄዳል። ደጋሹም ይህንን አስቦ ነው ሊጥ የሚያቦካው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ። ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። ድምፁ ሳይታጀብ ስለሚሰማ ስሕተትን መደበቅ አይቻልም። ብዙ መምህራን ተማሪያቸውን በደንብ የሚለዩት በዚህ ጊዜ ነው። በሰሙነ ሕማማት ንባቡም ስግደቱም ይበዛል። ቅዳሜ ደግሞ ካህናቱና ዲያቆናቱ ቃጭል እየመቱ፣ "ገብረ ሰላመ በመስቀሉ" እያሉ ለየቤቱ ቄጠማ ያድላሉ። ምእመኑ ቄጠማውን ራሱ ላይ ያስራል። ጣና ዳር ቄጠማ መቼም አይቸግርም። ከየቤቱ የሚሰጠው ስጦታ ለትንንሾቹ ዲያቆናት የዓመቱ ደህና ገቢ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ይከብዳል። የገበሬው ጎተራ እየጎደለ ይሄዳል። ጎጆ መክደኛ ሣር የሚታጨደውም ዝናቡ ሳይገባ ነው፤ ያልከደነ በክረምት ይበሰብሳል።

ከሰኔ 26 ጀምሮ ድጓው ዘመነ ክረምት ይላል። ይህ ትክክለኛው የጥናት ወቅት ነው። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ተማሪው አይንቀሳቀስም። ሌሊት ዝናቡ በጣሪያው ይወርዳል፤ ተማሪው የበግ ቆዳ ደበሎውን ተከናንቦ የግዕዝ ግስ ያወርዳል። ዱሮ በዚህ ወቅት ተስቦና እከክ ብዙ ተማሪ ይጎዱ ነበር። ዛሬም ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተጨናንቆ ማደር ከበሽታ አያድንም።

ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ይጾማል። የውዳሴ ማርያምና የቅዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል። በጾሙ መካከል፣ ነሐሴ 13፣ ቡሄ አለ። የመንደሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ሲለቅሙ ተማሪውም ከሙልሙሉ ይደርሰዋል። ጳጉሜን ላይ ዓመቱ ያልቃል። ትምህርቱ ግን አይዘጋም፤ የሚዘጋበት ቀንም የለውም።

ቀፈፋ

ጉባኤው ሲለቀቅ ሁለት ሦስት እየሆኑ መንደር ይከፋፈላሉ። አኮፋዳው በትከሻ፣ ዱላው በእጅ። ዱላው ለውሻ ነው። የመንደር ውሻ ተማሪን ከሩቁ ያውቃል፤ ተማሪውም እያንዳንዱን ውሻ በጠባዩ ያውቃል። ደጅ ላይ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። ያላት ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። የሌላት "ተማሪ፣ ዛሬ አልጋገርንም" ትላለች፤ እሱም መርቆ ያልፋል።

የጤፉ፣ የዳጉሳውና የበቆሎው እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ሽሮ የነካው ጎመን ከነካው ጋር ይለጣጠፋል። ጎጆ ሲደርስ ሁሉም ያመጣውን አንድ ላይ ያደርጋል። ብዙ ያገኘና ምንም ያላገኘ እኩል ይበላል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ እሱ ለዝናቡ ቀን ነው። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ይቀፍፋል። ቀፈፋን እንደ ልመና የሚያይ ሰው ነገሩን አልተረዳውም። ተማሪው ትሕትናን የሚማረው በዚህ ነው፤ መንደሩም የትምህርት ቤቱ ባለቤት የሚሆነው በዚሁ ነው።

የዓመቱ ውጤት እንዴት ይለካል?

ካርድ የለም፤ ደረጃ አንድ ሁለት ተብሎ አይወጣም። በአብነት ትምህርት ውጤት ማለት አንዱን ቤት ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። ዓመት የፈጀበት አለ፤ ስድስት ዓመት የፈጀበትም አለ። ማንም አያፍርበትም።

ዳዊት የደገመ ልጅ ቤቱ ይደገስለታል። እናት ጠላ ትጠምቃለች፤ የኔታ ይጠራሉ፤ ልጁ በእንግዶቹ ፊት ያነባል። ድጓ የጨረሰ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ያስመሰከረ ሰው መሪጌታ ተብሎ ደብር ይመራል፤ ወይም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል።

የቅኔው ግን ለብቻው ይነገር። ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ከዚያ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴና በዘይእዜ አድርጎ ስምንት ስንኝ ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ቤት ሞላ ይባላል። መንገዱ ቀላል አይደለም። ጠዋት ደን ገብቶ፣ ራሱን ተከናንቦ፣ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። የዘጌ ዓይነት ደን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሲመለስ የኔታ ፊት ይቆማል። የኔታ ሰሙን ከወርቁ ይመዝናሉ፣ አገባቡን ያርማሉ፣ ካልጣማቸው ያፈርሱታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ሁልጊዜ አዲስ ነው። ተማሪው በበዓል ቀን በሊቃውንቱ መካከል ተቀኝቶ "ይበል!" ሲባልለት ግን የዚያን ሁሉ ቀን ድካም ዋጋ ያገኛል።

ሴቶችም በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ ቁጥራቸው ግን አነሰ። በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የታወቁ የቅኔ መምህር ነበሩ። ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተምረዋል። ስማቸው ከወንዶቹ ሊቃውንት እኩል ሲነሣ አለመሰማቱ ያሳዝነኛል።

ዛሬ

ደበሎው በብርድ ልብስና በጋቢ እየተተካ ነው። ስልክ ያለው ተማሪ የየኔታን ዜማ ቀድቶ ይሰማል። ይህ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቅጂ አያርምም፤ የሚያርመው የኔታ ነው። ከተማ ያለው ተማሪ ከፊሉ አብነቱን ከመደበኛው ትምህርት ጋር አብሮ ይይዛል። እንቅልፉ ይቀንሳል እንጂ ሁለቱ አይጣሉም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባሕር ዳር በፍጥነት አድጋለች። አጥሩ ረዝሟል፣ በሩ ብረት ሆኗል፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። "በእንተ ስማ ለማርያም" የሚለው ድምፅ እዚያ አይደርስም። እንጀራውም ከሱቅ በቁጥር የሚገዛ ስለሆነ ከሌማት የሚቆረስ ቁራሽ ጠፍቷል። ስለዚህ ከተሜው በሌላ መንገድ መስጠት አለበት። በአቅራቢያው ያለው ደብር ጉባኤ ቤት እንዳለው አለቃውን ወይም የኔታን መጠየቅ ይችላል። የሚያስፈልገው የታወቀ ነው፤ እህል፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ አጎበር፣ የታመመ ሲኖር የሕክምና ወጪ። ገበሬው ከአዝመራው በኋላ ያለውን ወቅት ይሸፍናል። ከተሜው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለውን ቢይዝ የቆሎ ተማሪው ክረምቱን ጎጆው ተቀምጦ ያጠናል።