የሃርትፎርድ ዌለርስ ዘመናት በደጋፊዎቹ ትዝታ

ሃርትፎርድ ዌለርስ በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ሃርትፎርድ ይጫወት የነበረ የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። በትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሊግ፣ ሁሉም ኤን ኤች ኤል ብሎ በሚጠራው፣ ከ1979 እስከ 1997 ድረስ 18 የውድድር ዘመን ቆይቷል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከነዚህ ውስጥ ለጥሎ ማለፍ የደረሰው 8 ጊዜ ነው። ጥሎ ማለፍ ገብቶ ያሸነፈው ግን አንድ ዙር ብቻ ነው። የሊጉን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም።

ይህን ያህል ጥቂት ያሸነፈ ቡድን ይህን ያህል ሲታወስ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ማልያው ዛሬም ይሸጣል። ዓርማው ዛሬም ኮፍያ ላይ ይታያል። የጎል ዜማውን በቃላቸው የሚያዜሙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የዌለርስን ታሪክ በደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ መንገር ዋናውን ነገር ያስቀራል። ሰንጠረዡ ያልያዘውን ደጋፊው ነው የያዘው።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ትንሽ ልበል። በእያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው በረዶው ላይ ይሰለፋል። ኳስ የለም፤ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ ነው በዱላ የሚመታው። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው። በጥሎ ማለፍ ሁለት ቡድኖች ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ፣ በአብዛኛው አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። በጥሎ ማለፍ እኩል ከወጡ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ይገባል። ያኔ መጀመሪያ ጎል ያገባ አበቃ፣ አሸነፈ። መልስ የለም። ይህቺ ደንብ የሃርትፎርድን ሰው ሁለት ጊዜ ክፉኛ አስለቅሳዋለች።

ከቦስተን የመጣው ቡድን

ዌለርስ የተመሠረተው በ1972 ነው። ያኔ ስሙ ኒው ኢንግላንድ ዌለርስ ነበር፣ የሚጫወተውም ቦስተን ውስጥ ነው። ሊጉም ሌላ ነበር። ደብልዩ ኤች ኤ የሚባል፣ ኤን ኤች ኤልን ሊገዳደር የተነሳ አዲስ ሊግ ነው። ዌለርስ ማለት ዓሣ ነባሪ አዳኞች ማለት ነው። ዓሣ ነባሪ ማደን የዚያ አካባቢ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የቆየ ሙያ ነበር። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ የስሙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የሊጉ ምህጻረ ቃል ናቸው። ቡድኑ በ1973 የዚህን ሊግ የመጀመሪያ ዋንጫ ወሰደ።

ቦስተን ግን የብሩይንስ ከተማ ናት። ለሁለተኛ ቡድን ቦታ አልነበራትም። ዌለርስ በጥር 1975 ሃርትፎርድ መሀል ከተማ ላይ ወደተሠራው አዲስ አዳራሽ ገባ። ሃርትፎርድ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከተማ ናት። በቀን ቢሮ የሞላው ሕዝብ፣ ማታ ወደየመንደሩ ይበተን ነበር። አሁን ማታም የሚያስቀር ነገር ተገኘ። አዳራሹ ከገበያ ማዕከል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሰዉ «ዘ ሞል» ይለው ነበር። ሱቅ ዞሮ፣ ራት በልቶ፣ ከዚያው ሳይወጣ ጨዋታ ያያል።

ጣሪያው የወደቀበት ሌሊት

ከሁሉም ትዝታ መጀመሪያ የሚነሳው ጨዋታ አይደለም። ጥር 18 ቀን 1978 ነው። በዋዜማው ማታ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነበር፣ ወደ 5,000 ሰው ታድሞ ወጥቷል። ውጭ በረዶ ይጥላል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ሊነጋ ሲል፣ ጣሪያው በሙሉ ተደርምሶ መቀመጫው ላይ አረፈ። ውስጥ ሰው አልነበረም። አንድም የተጎዳ የለም። ማታ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ጠዋት ዜናውን ሲሰማ ምን እንደተሰማው ለማሰብ አይከብድም።

ቡድኑ ቤት አልባ ሆነ። ከሃርትፎርድ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው፣ በጎረቤት ግዛት ማሳቹሴትስ ወዳለችው ስፕሪንግፊልድ ተሰደደ። ከሁለት ዓመት በላይ «የሜዳው» ጨዋታ የሚባለው እዚያ ነበር። ደጋፊው አልተወውም። በክረምት ቅዝቃዜ፣ ከሥራ መልስ፣ 91 ቁጥር የሆነውን አውራ ጎዳና ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች «የ91 ክለብ» ተባሉ። በኔ እይታ የዌለርስ ደጋፊነት የተወለደው ሃርትፎርድ ውስጥ ሳይሆን እዚያ መንገድ ላይ ነው። የራሱ ቤት የሌለው ቡድን ተከትሎ የተጓዘ ሰው በኋላ በአንድ መጥፎ ዓመት አይለየውም።

አባትና ልጆች

ከጣሪያው አደጋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1977፣ አንድ የማይታመን ነገር ሆኖ ነበር። ጎርዲ ሃው ወደ ዌለርስ መጣ። በዲትሮይት 25 የውድድር ዘመን የተጫወተ፣ የሆኪ ታላቅ ስም ነው። ማርክና ማርቲ የሚባሉ ሁለት ልጆቹም አብረውት ፈረሙ። አባትና ሁለት ልጆች በአንድ ማልያ።

በ1979 ደብልዩ ኤች ኤ ሲፈርስ አራት ቡድኖቹ ወደ ኤን ኤች ኤል ገቡ፦ ኤድመንተን፣ ኩቤክ፣ ዊኒፔግ እና ዌለርስ። ብሩይንስ «ኒው ኢንግላንድ» የሚለውን ስም ስለተቃወመ ቡድኑ ሃርትፎርድ ዌለርስ ተባለ። ለትንሿ ከተማ ይህ በረከት ነው የሆነው። ስሟ ከሞንትሪያልና ከኒው ዮርክ ጎን መጻፍ ጀመረ።

በዚያ የመጀመሪያ ዘመን ጎርዲ ሃው 80ውንም ጨዋታ ተሰልፏል። 15 ጎል አግብቷል። መጋቢት 31 ቀን 1980 ደግሞ 52 ዓመት ሞላው። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ ሌላው ትልቅ ስም ቦቢ ሃልም መጥቶ ለጥቂት ጨዋታ ተቀላቀለ። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ስለ ውጤት ሲያወሩ ብዙም አይሰማም። ስለ ሃው ክርን፣ ስለ ሽበቱ፣ ከጨዋታ በኋላ ቆሞ ለሕፃናት ሲፈርም ስለማየታቸው ያወራሉ። የካቲት 6 ቀን 1980 ቡድኑ ታድሶ ወደተሠራው የሃርትፎርድ አዳራሽ ተመለሰ። የመንገዱ ዘመን አበቃ።

አረንጓዴው፣ ጅራቱና መለከቱ

ዓርማውን የሠራው ፒተር ጉድ የሚባል የአካባቢው ንድፍ ሠሪ ነው፣ በ1979። ከታች አረንጓዴ ደብልዩ ፊደል አለ። ከላይ ሰማያዊ የዓሣ ነባሪ ጅራት። በሁለቱ መካከል ባለው ባዶ ነጭ ቦታ ደግሞ ኤች ፊደል ይወጣል፣ የሃርትፎርድ። ብዙ ደጋፊ ኤቿን ያየው ዓርማውን ለዓመታት ከለበሰ በኋላ ነው። አንዴ ካየሃት ግን ከዓይንህ አትጠፋም።

ከዚያ ዜማው አለ። ብራስ ቦናንዛ ይባላል። ፈጠን ያለ፣ መለከት የበዛበት፣ ሰልፍ የሚመስል ሙዚቃ ነው። ጎል ሲገባ ይለቀቃል፣ አዳራሹ በሙሉ ያጨበጭባል። በ1992 የመጣው ሥራ አስኪያጅ ብራያን በርክ ዜማውን አስቆመው። ደጋፊው አዘነ። በርግጥ ዜማው ቀልደኛ ነገር አለው፣ የተፈራ ቡድን ዜማ አይመስልም። ግን ለሕዝቡ የደስታ ድምፅ ያ ነበር። ጎል ገብቶ ያን መለከት አለመስማት ለነሱ ግማሽ ጎል ነው።

በ1982-83 ዌለርስ ሌሎቹ የሚለብሱትን አጭር ቁምጣና ረጅም ካልሲ ትቶ ረጅም ሱሪ ለብሶ ተጫውቷል። ቆየት ያለ የዌለርስ ደጋፊ ሳይጠየቅ ይህን ያነሳል። የሬዲዮ ድምፁ ቸክ ኬይተንም አይረሳም። በኤን ኤች ኤል የነበሩትን 18 ዘመናት በሙሉ ያስተላለፈው እሱ ነው። መኪና ውስጥ፣ ማዕድ ቤት፣ ብርድ ልብስ ስር ሆነው ያዳመጡት ብዙ ናቸው።

ሚያዝያ 1986

ስለ ዌለርስ አንድ ዓመት ብቻ ምረጥ ቢባል ሁሉም ይህን ይመርጣል። ሮን ፍራንሲስ በጉልምስናው ጫፍ ላይ ነው። በ1981 ገና ልጅ ሆኖ የመጣ፣ ጭምትና አዋቂ ተጫዋች። ኬቪን ዲኒን ነብር ነው። በረኛው ማይክ ሊውት ነው። በመጀመሪያው ዙር ኩቤክን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ጠርገው አለፉ። የቡድኑ ብቸኛ የጥሎ ማለፍ ዙር ድል ይህ ነው።

ቀጥሎ ሞንትሪያል መጣ። ሰባት ጨዋታ ፈጀ። አራተኛውን ዲኒን በተጨማሪ ሰዓት ባገባት ጎል 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰባተኛው ሞንትሪያል ላይ ነበር። እየተመሩ ቆይተው በመጨረሻ ደቂቃዎች ዴቭ ባቢች አቻ አደረጋቸው። ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። ክሎድ ሌሚዩ የሚባል ወጣት አገባ፣ 2 ለ 1፣ አለቀ። ሞንትሪያል ከዚያ ሄዶ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ በላ። «እኛ ብንሆን ኖሮ ዋንጫውን እንወስድ ነበር» የሚለው ሐሳብ እስካሁን አልበረደም። ባዶ ምኞት አይመስለኝም። ያን ዓመት ሞንትሪያልን በጥሎ ማለፍ እስከ ሰባተኛ ጨዋታ የወሰደ ሌላ ቡድን አልነበረም።

ሃርትፎርድ ግን የተሸነፈውን ቡድን በመሀል ከተማ ሰልፍ ተቀበለችው። በሁለተኛ ዙር ለተሰናበተ ቡድን የጀግና አቀባበል! አንዳንድ የሌላ ከተማ ሰዎች ይህን ሲያነሱ ይገርማቸዋል። እዚያ የነበሩት ግን በሕይወታቸው ካዩት ደስ የሚል ቀን አንዱ አድርገው ነው የሚያነሱት።

በ1986-87 ቡድኑ በ93 ነጥብ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ጥሎ ማለፉ ላይ ኩቤክ ቂሙን ተወጣ፣ በመጀመሪያው ዙር አሰናበታቸው።

እየደበዘዘ ሲሄድ

ከዚያ በኋላ ያለው ትዝታ የሚያም ነው። ሚያዝያ 1990 ሃርትፎርድ ከቦስተን ጋር በነበረው ዙር 2 ለ 1 ይመራ ነበር። አራተኛው ጨዋታ በሜዳው ነው፣ 5 ለ 2 መርቶ ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገባ። 6 ለ 5 ተሸነፈ። ዙሩም ከእጁ ወጣ። ቦስተን ሲመጣ ከወንበሩ ብዙው በጥቁርና በወርቅማ ቀለም ይሞላ ነበር፣ ከተማዋ በቦስተንና በኒው ዮርክ መካከል ናትና። የሃርትፎርድ ሰው በገዛ ቤቱ ከእንግዳ ጋር በድምፅ መፎካከር ነበረበት። ያን ማታ ቤቱን የሞላው የእንግዳው ጩኸት ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 1991 ደግሞ ሮን ፍራንሲስ ተሸጠ። እሱና ኡልፍ ሳሙኤልሰን ግራንት ጄኒንግስን ጨምረው ወደ ፒትስበርግ ሄዱ። ፒትስበርግ ያን ዓመትም፣ ቀጣዩንም ዓመት ስታንሊ ካፕን አነሳ። ደጋፊው አምበሉ የነበረውን ሰው ዋንጫ ሲስም በቴሌቪዥን አየው። «ቡድኑ የሞተው ያን ቀን ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የባለቤት መለዋወጡ፣ የአዳራሹ መጓደል፣ የዚያ ቀን ጥላ ያረፈበት ነው። በ1992 አንዴ ብቻ እንደገና ተንሰራራ። ከሞንትሪያል ጋር እንደገና ሰባተኛ ጨዋታ፣ እንደገና ተጨማሪ ሰዓት፣ ያውም ሁለተኛው። ራስ ኮርትናል አገባ። ዌለርስ ዳግመኛ ጥሎ ማለፍ አላየም።

በ1994 ፒተር ካርማኖስ ቡድኑን ገዛ። በ1996 የዓመት ትኬት ሽያጩ ካላደገ ቡድኑ እንደሚሄድ ተነገረ። ሕዝቡ «ዓሣ ነባሪውን አድኑ» ብሎ ተነሳ። ትኬት ገዛ፣ ጎረቤቱን አስገዛ። አዲስ አዳራሽ ስለመሥራት ከግዛቱ ጋር የተደረገው ድርድር ግን ፈረሰ። መጋቢት 26 ቀን 1997 ቡድኑ እንደሚሄድ ይፋ ሆነ።

የመጨረሻው ጨዋታ ሚያዝያ 13 ነበር፣ ከታምፓ ቤይ ጋር። 2 ለ 1 አሸነፉ። የመጨረሻዋን የዌለርስ ጎል ያገባው ተሸጦ ሄዶ የተመለሰው ኬቪን ዲኒን ነው። ጨዋታው አልቆ ሰዉ አልወጣም። ቆሞ አጨበጨበ፣ አለቀሰ።

ከሄደ በኋላ

ቡድኑ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄዶ ካሮላይና ሃሪኬንስ ሆነ። በ2006 ስታንሊ ካፕን ወሰደ። ሃርትፎርድ ውስጥ ይህ ድል ሁለት ስሜት ፈጠረ። አንዳንዱ «የኛ ልጆች ናቸው» ብሎ ተደሰተ፣ በተለይ ከዌለርስ ጊዜ ጀምሮ አብሮ ለነበረው ለግሌን ዌስሊ። ሌላው ማየት አልፈለገም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ሃሪኬንስ በሜዳው ከቦስተን ጋር ሲጫወት የዌለርስን አረንጓዴ ማልያ ለብሶ ወጣ፣ ብራስ ቦናንዛም ተለቀቀ። ያኔም እንዲሁ ሆነ። ከሃርትፎርድ ድረስ ተጉዞ ያየ አለ። «ልብሳችንን ሰርቀው ለበሱት» ብሎ ቴሌቪዥኑን የዘጋም አለ። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው፣ አንዱን መርጦ ማውገዝ አይቻልም።

በዚያው አዳራሽ አሁን ወልፍ ፓክ የሚባል የዝቅተኛው ሊግ ቡድን ይጫወታል። ጣሪያው ላይ የዌለርስ ቁጥሮች ተሰቅለዋል። 2 ቁጥር የሪክ ሌይ፣ 9 የጎርዲ ሃው፣ 19 የጆን ማኬንዚ ነው። በጥር 2006 ደግሞ 5፣ 10 እና 11 ተጨመሩ። ሳሙኤልሰን፣ ፍራንሲስና ዲኒን። ቡድኑ ከሄደ 9 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሃርትፎርድ ተሰብስባ የልጆቿን ቁጥር ወደ ላይ ሰቀለች።