ፍሬን ፌድ ምንድን ነው?

ፍሬን ፌድ ማለት ደኅናው ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙን ማጣቱ ነው። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ሸራውም አላለቀም፤ ሲበርድ ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል። ግቢ ውስጥ ተሞክሮ «አሪፍ ነው» የተባለ ማውንቴን ባይክ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይቀንሳል። ነጂና ብስክሌት አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው አብዛኛው ሁለት ስስ ዲስኮች (ከጎማዎቹ ጋር የሚሽከረከሩ፣ ሸራው የሚይዛቸው ክብ ብረቶች) ላይ ያርፋል። እንደ ኢሱዙ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ መውረድም አይቻልም፤ ብስክሌት ሞተር የለውም፣ ፔዳሉ ቢቆምም የኋላው ጎማ በነፃ ይሽከረከራል። 42 ጥርስ ያለው ትልቅ የኋላ ማርሽ የሚያስፈልገው ለመልሱ ዳገት ነው። ገንዘቡ ከትልቁ ማርሽና ከተሻለ ፍሬን ለአንዱ ብቻ ከበቃ ፍሬኑ ይቅደም።

ፌድ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚለየውም በእጅ ነው። እጀታው እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ብስክሌቱ አልቆም ካለ ችግሩ ሸራው ላይ ነው። ሬዚን ሸራ (በሙጫ የተጣበቀው ዓይነት) ከልክ በላይ ሲግል ማጣበቂያው ጋዝ ያወጣል፣ ፊቱም እንደ መስታወት ይለሰልሳል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን እጀታው ልል ብሎ መሪው ድረስ ከገባ ግን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ፈጥሯል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ሸራውን የሚጫነውን ፒስተን አይገፋም። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። አሮጌ ዘይት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። የሽቦ ፍሬን ከዘይቱ ችግር ነፃ ቢሆንም ከሸራው አያመልጥም።

ዕቃ ሲመረጥ ከፊት ዲስክ ይጀመር፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የዲስኩን ስፋት ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ጉልበትም ይጨምራል፣ ሙቀትም ያሰራጫል። ለዚያ ልክ የሆነ አዳፕተር (ማያያዣ) ያስፈልጋል፤ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚፈቅድም አስቀድሞ ይታይ። ለረጅም ቁልቁለት የብረት ሸራ ከሬዚን የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ ጩኸቱን መቻል ነው እንግዲህ። ነገር ግን ብዙ ርካሽ ዲስኮች ላይ «ለሬዚን ሸራ ብቻ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ እነሱ ላይ የብረት ሸራ ከገባ ዲስኩ ቶሎ ይበላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዘይቱ ላይ ነው። ሺማኖና ቴክትሮ የተባሉት የፍሬን አምራቾች የሚጠቀሙት ማዕድን ዘይት ነው። ከመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የፍሬን ዘይት ግን ዶት ነው፤ እነዚህ ውስጥ ከገባ ጎሚኒውን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል። ስራም የተባለው አምራች ብዙ ፍሬኖች በተቃራኒው የሚጠቀሙት ዶት ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አንድ ጠብታ አይጨመር።

አዲስ ሸራ ከተገጠመ በኋላ ሜዳ ላይ 20 ጊዜ ያህል ፈጠን ብሎ እየነዱ፣ ጎማው ሳይቆለፍ የእግረኛ ፍጥነት እስኪደርስ መያዝ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ እየጎተቱ አይወርዱም፤ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ዲስኩ ነፋስ እንዲያገኝ። ከጋለ ቆሞ ማብረድ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈስበት ሰው ዲስኩን ሊያጣምም ይችላል፤ በጣትም አይነካም፣ ቆዳ ያነሳል።